ሜምፊቦስቴ የኃጢአተኛ ምሳሌ ነው ወይስ የጦርነት ጉዳተኛ?

አንባቢ፦ የዮናታን ልጅ ሜምፊቦስቴ ሲሰበክ ሁሌ «በኃጢአት የወደቀ ሰው በጸጋ ከንጉሥ ማዕድ ተቀመጠ» ይባላል። ልጁ ግን ምን አጠፋ? 5 ዓመቱ ነበር። አያቱ ንጉሥ ሳኦልና አባቱ ዮናታን በጦርነት መሞታቸው ሲሰማ ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ወደቀ፣ እግሮቹም በዚያው ቀሩ (2ኛ ሳሙኤል 4)። ጦርነት ያመጣውን ጉዳት የኃጢአት ምሳሌ ማድረግ ልክ ነው?

ሰባኪ፦ ማንም ልጁን ኃጢአተኛ አላለውም እኮ። ዋናው ከሳኦል በኋላ የነገሠው ዳዊት ለወዳጁ ለዮናታን፣ ለቤቱ ቸርነት ሊያደርግ የገባው ቃል ነው። ሌላ ንጉሥ ቢሆን የሳኦልን ዘር ያጠፋ ነበር፣ እሱ ግን ልጁን ይኖርበት ከነበረው ከሎዶባር አስመጥቶ የአያቱን መሬት መለሰለት። ይሄ ጸጋ ካልሆነ ምን ይባላል?

ታዛቢ፦ ቁጥጥርም ሊባል ይችላል። የተቀናቃኝ ቤት ወራሽ በየቀኑ ዓይኑ ሥር ቢበላ ንጉሡን አይጎዳውም። ደግሞ የዳዊት ልጅ አቤሴሎም በአባቱ ላይ ሲያምፅ የሜምፊቦስቴ አገልጋይ ሲባ «ሜምፊቦስቴ መንግሥት ሊወርስ ኢየሩሳሌም ቀርቷል» ብሎ ሲያወራ ዳዊት ሳያጣራ መሬቱን ሁሉ ለሲባ ሰጠው። በኋላ ሜምፊቦስቴ መጥቶ ሲባ እንዳታለለው ሲናገር፣ ተካፈሉ ተብሎ ተዘጋ። ማን እንደዋሸ እንኳ አልተጠየቀም!

ባለ ክራንች፦ እኔን የሚያበሽቀኝ እሱ ነው። መራመድ ለማይችል ሰው አህያ የሚጭንለት ከከዳው አለቀ፣ ንጉሡ ሲሸሽ እሱ ይቀራል፣ መቅረቱ ደግሞ ክህደት ተብሎ ይቆጠርበታል። ሰባኪዎች የማዕዱ ታሪክ ያለበት 2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 9 ላይ «አሜን» አስብለው ይቀመጣሉ፣ ሜምፊቦስቴ ስለ ሲባ የሚናገርበት ምዕራፍ 19 የሚደርስ የለም። ስብከቱ ሲሞቅ ሰዉ ሁሉ ዞሮ የኔን እግር ያያል።

ሰባኪ፦ ይገባኛል ወንድሜ። ግን ጸሐፊው ራሱ ከንጉሥ ገበታ ይበላ እንደነበር ተናግሮ ሁለቱም እግሮቹ ሽባ መሆናቸውን ይደግማል። በከንቱ አይመስለኝም።

አንባቢ፦ በከንቱማ አይደለም። ምዕራፍ 5ን አስታውስ። ኢያቡሳውያን ዕውርና አንካሳ ይመልሱሃል ብለው በዳዊት አላገጡ፣ ከዚያ ዕውርና አንካሳ ወደ ቤት አይገባም የሚል አባባል ወጣ። አሁን በዚያው ዳዊት ቤት አንካሳ ተቀምጦ ይበላል። እኔ የምለው ድግግሞሹ አባባሉን ለመሞገት ነው።

ታዛቢ፦ ጦርነት ሆን ብሎም አካል ያጎድላል። አሞናዊው ናዖስ የኢያቢስ ገለዓድን ሰዎች ቀኝ ዓይን ላውጣ አለ፣ ባቢሎናውያን የይሁዳን ንጉሥ የሴዴቅያስን ዓይን አወጡ፣ የይሁዳ ሰዎችም የከነዓናዊውን ገዥ የአዶኒቤዜቅን አውራ ጣቶች ቆረጡ። እነዚህም ምሳሌ ይሁኑ?

ሰባኪ፦ ሴዴቅያስማ ነቢዩ ኤርምያስን አልሰማም።

ባለ ክራንች፦ ሕፃኑስ ማንን አልሰማም? ቢያንስ በሚቀጥለው ጊዜ ምዕራፍ 19ን ጨምረህ ስበክ።

ሰባኪ፦ እጨምራለሁ። ምሳሌውን ግን አልተውም።