ኦቶካድ ላይ የግቢ በር ስስል መስመሩ ይጠፋብኛል

የቱሉ ዲምቱ በያጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ብየዳ ቤት አለኝ። 14 ዓመት በር፣ መስኮትና የደረጃ መደገፊያ ሠርቻለሁ፤ ንድፌ ሁሉ በጠመኔ ወለል ላይ ነው። ዘንድሮ ግን ደንበኛው ሁሉ "መጀመሪያ በኮምፒውተር አሳየኝ" ሆኗል። የወንድሜን ልጅ ኮምፒውተር ተውሼ ማታ ማታ ኦቶካድ የሚባለውን የንድፍ መሣያ ፕሮግራም ጀመርኩ። አንድ ማሠልጠኛም ገብቼ ነበር፤ አስተማሪው ማውሱን እንደ ጭራ እያወናጨፈ "ገባችሁ?" ይላል፣ ሁላችንም "አዎ" እንላለን።

ችግሬ ይሄ ነው። 3.60 በ2.20 የሆነ በር በመስመር ሣልኩ። እስከዚህ ደህና። ብረቱ ባለ 40 ቱቦላሬ (አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ስለሆነ ስፋቱን ላወጣ ኦፍሴት፣ ማለትም መስመሩን በተባለው ርቀት ትይዩ አድርጎ የሚደግመውን ትእዛዝ፣ ብዬ 40 ጻፍኩ፣ መስመሩን ነካሁ፣ ወደ ውስጥ ጠቆምኩ። ምንም የለም። ደገምኩት። ምንም። ኮምፒውተሩ ደንዝዞ ይሆናል ብዬ አጥፍቼ አበራሁት። በሦስተኛው ቀን ልጁ መጥቶ የማውሱን ጎማ ሁለቴ ጠቅ ጠቅ ሲያደርግ፣ በሬ ቁንጫ አክላ መሀል ላይ ቁጭ ብላለች፤ ዙሪያዋን የትየለሌ መስመር። እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ሌላው፣ ትእዛዝ ስጽፍ አንዳንዴ አላውቀውም ይለኛል። ትናንት የሠራ ትእዛዝ ዛሬ እንዴት አይታወቅም? በ41 ዓመት ይሄ ነገር ይገባል ወይስ ጠመኔዬን ልያዝ?

ሰማያዊ ወረቀት

ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ምንም አልሆነም። ለእሱ 3.60 ሜትርም ሚሊሜትርም አይደለም፤ ባዶ ቁጥር ነው። እርስዎ በሩን በሜትር ሣሉ፣ ቱቦላሬውን በሚሊሜትር አስገቡ። ስለዚህ መስመሩ 40 ሜትር ርቆ ሄደ፤ የበሩን ወርድ 11 ጊዜ ቢደረድሩት እንኳ አይደርስበትም። ጎረቤት ግቢ ገብቷል ማለት ነው። በደገሙ ቁጥር ሌላ ላኩበት።

የሸሹትን መስመሮች ያጥፉ። ከዚያ ስኬል (ማሳደጊያው ትእዛዝ) ብለው በሩን ሙሉ ይምረጡ፣ አንዱን ጥግ ይንኩ፣ 1000 ይጻፉ። በሩ ከስክሪኑ ይወጣል፤ አይደንግጡ፣ ዜድ ኢንተር፣ ኢ ኢንተር ሲሉ ሥዕሉ ሙሉ ተመልሶ ይታያል። ዲ እና አይ ጽፈው ወርዱን ይለኩ። 3600 ካለዎት አሁን 40 ኦፍሴት ያድርጉ። ዩኒትስ ውስጥ ገብቶ ሚሊሜትር ብሎ መምረጥ ግን የተሣለውን አያሳድገውም። እኔ ተማሪ ሳለሁ ሳምንት ሙሉ የተቃጠልኩት እዚያ ላይ ነው።

የገላኑ

ትእዛዙ የማይታወቀው ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ስለሚቀር ነው። ለደንበኛ ዋጋ በአማርኛ ጽፈው ወዲያው ወደ ሥዕሉ ይመለሳሉ አይደል? መስመር ለመሣል ኤል ያሉት መስሎዎት "ል" እየገባ ነው። ከታች ያለችውን የትእዛዝ መስመር እያዩ ይጻፉ።

መብራት እንደሁ እናንተም ጋ እኛም ጋ ያው ነው። ሴቭታይም ብለው 5 ይስጡት፤ በየ5 ደቂቃው ለራሱ ግልባጭ ይይዛል። ከፋይልዎ ጎን ደግሞ መጨረሻው ባክ የሚል ሌላ ፋይል አለ፤ ከመጨረሻው ሴቭ በፊት የነበረው ሥዕል ነው። ኮፒ አድርገው መጨረሻውን ወደ ዲ ደብሊው ጂ ቢቀይሩት ይከፈታል። እኔን ሁለቴ አድኖኛል።

ለጊዜው አዲስ በር አይሣሉ። ሠርተው የተከሉትን ነገር ለክተው ይሣሉት። መልሱን አስቀድመው ስለሚያውቁ የት እንደሳቱ ወዲያው ይታይዎታል።

ሚስማር

ምን አደከመህ፣ ፍሪካድ የሚባለው ሌላ የንድፍ ፕሮግራም ግባ። ነጻ ነው፣ በ2024 1.0 ወጥቷል። አንድ ልክ ስትቀይር ሥዕሉ ራሱ ይከተልሃል።

ሰማያዊ ወረቀት

ሚስማር፣ ሰውየው አንዱን ሳይጨርስ ሁለተኛ ራስ ምታት አታምጣበት እንጂ!

የቱሉ ዲምቱ በያጅ

እህቴ፣ ተባረኪ። 3600 አለኝ! ባለቤቴን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ አሳየኋት፤ "በር ነው" ብላ ተመልሳ ተኛች።

የገላኑ ወንድሜ፣ እውነትህን ነው፣ "ል" ነበር። ባልከኝ መሠረት የራሴን ወጥ ቤት መስኮት ሣልኩ። ሥዕሉ ላይ ከጥግ ጥግ ሁለቱም እኩል ነው። ሜትሬን ይዤ መስኮቱን ስለካው ግን አንዱ በ8 ሚሊሜትር ይበልጣል። 6 ዓመት ስከፍተው ስዘጋው ኖሬ አላየሁትም። ለማንም አትንገሩብኝ።

አሁን ደግሞ ሥዕሉ ላይ "ግራ ክንፍ" ብዬ ስጽፍ ሳጥን ሳጥን ብቻ ይመጣል። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ነው፣ አይቻለሁ።

ሰማያዊ ወረቀት

የተመረጠው ፊደል አማርኛ ስለሌለው ነው። ስታይል ብለው ይግቡና ኒያላ የሚለውን ይምረጡ። ጽፈው ሲጨርሱ ኪቦርዱን ይመልሱ፣ ጋሼ!