ለአባቴ የሚሆን መጽሐፍ ጠቁሙኝ

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ነን። አባቴ 72 ዓመቱ ነው፤ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር። ካለፈው ክረምት ወዲህ መርሳት አብዝቷል። ባለፈው እሁድ በረካውን ጨልጦ ሲኒውን አስቀመጠና «ቶናው አልደረሰም እንዴ?» አለ። እኛ ሳቅን። እሱ አልሳቀም።

ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ደም ግፊቱ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ መድኃኒት ጀመረ። እኔም ማንበብ ያዝኩ። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን ዘገባ ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጡ፣ ግን ልንቀንሳቸው የምንችል 14 ነገሮችን ይዘረዝራል። ደም ግፊት፣ የመስማት ችግርና ብቸኝነት አሉበት። ጆሮውን ማስመርመር ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

ችግሩ ዘገባው በእንግሊዝኛ ነው። ማታ ማታ እየተረጎምኩ ሳነብለት «ልጄ፣ እኔ ራሴ ላንብበው» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ዕድሜ ልኩን ያስተማረ ሰው ማን እንዲያስተምረው ይፈልጋል?

ፒያሳ ወርጄ ሁለት የአማርኛ መጽሐፍ ገዛሁ። አንዱ ግማሹ «ሁሉን የሚፈውስ ቅጠል» ነው። የሌላው ፊደል ጤፍ ያክላል፤ መነጽር አድርጎም አሥር ገጽ አልገፋም። ከአስር ሶላት በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ያነባል፤ ከዚያ ዓይኑ ይደክማል።

ስለ አንጎል ጤናና ስለ እርጅና በአማርኛ የተጻፈ፣ ፊደሉ ተለቅ ያለ፣ ራሳችሁ አንብባችሁ የወደዳችሁት መጽሐፍ የቱ ነው?