ከፈረሰ ግድግዳ የወጣ ጂፕሰም ቦርድ የት ይጣላል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። እኔና ባለቤቴ ባለፈው ዓመት የገዛነውን አሮጌ ቤት በገዛ እጃችን እያደስን ነው። ሁለት ክፍሎችን የሚለየውን ግድግዳና የመኝታ ቤቱን ኮርኒስ አፍርሰን ጂፕሰም ቦርዱን ጓሮ ከምረነዋል። አጠገቡ አሮጌ ምንጣፍ፣ የወለል እንጨት፣ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክና ተጋምሰው የቀሩ የቀለም ቆርቆሮዎች አሉ። ገንዳ ተከራይተን ሁሉንም አንድ ላይ ልንጭን ስንነሳ ጎረቤታችን በአጥር ላይ ብቅ ብሎ ጀሶውን ከሌላው እንዳንቀላቅል አስጠነቀቀን። ምክንያቱን ሲያስረዳ ግን ንግግሩ ፈጠነብንና ራሳችንን ነቅንቀን ተለያየን። ጀሶ ምን ክፋት አለው? የምታውቁ ብትነግሩን።

መልስ፦ በማፍረስ ሥራ ላይ ከነበረ ሰው

እህቴ፣ ጎረቤትሽ ውለታ ውሎልሻል። እኔ ከአገር ስወጣ መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ ቤት ማፍረስ ነበር፤ መዶሻና አካፋ ቋንቋ አይጠይቁም። ዘጠኝ ዓመት ከጀሶ አቧራ ጋር ስለኖርኩ ትንሽ ልርዘምብሽ።

ጀሶ በራሱ መርዝ አይደለም። ካልሲየም ሰልፌት የሚባል ማዕድን ነው። ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ በውስጡ የታሰረ ውሃ ነው፤ ቦርዱ እሳትን የሚያዘገየውም ይኸው ውሃ በሙቀት እየተነነ ስለሚወጣ ነው። ጣጣው የሚመጣው ከተቀበረ በኋላ ነው። አየር በማያገኝ እርጥብ የቆሻሻ መቅበሪያ ውስጥ ከሚበሰብስ ነገር ጋር ሲገናኝ፣ እዚያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሰልፌቱን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ወደሚባል ጋዝ ይለውጡታል። የገማ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ማለት ነው። ክርፋቱ ብቻ ቢሆን በታገስነው፤ መጠኑ ሲበዛ ግን ይገድላል። ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል መቶ ያህሉን ሲይዝ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሰው ሽታው ጠፋ ብሎ ሲረጋጋ አደጋው መሐል ቆሟል።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው የመቅበሪያ መመዘኛ፣ ጀሶ ነክ ቆሻሻ የሚበሰብስ ነገር በማይገባበት ክፍል ለብቻው እንዲቀበር ደንግጓል። በእንግሊዝ ቀድሞ ከጭነቱ እስከ 10 በመቶ ጀሶ ቢኖርበት ይታለፍ ነበር፤ ከኤፕሪል 2009 ጀምሮ ያም ቀረ። አንቺ ያለሽበት አገር የራሱ አሠራር ይኖረዋል። የማዘጋጃ ቤቱን የቆሻሻ አገልግሎት ደውለሽ «ጂፕሰም ቦርድ ለብቻው የምትቀበሉበት ቦታ አለ?» ብለሽ ጠይቂ፤ ብዙ ቦታ የራሱ ገንዳ አለው።

እኔ ሥራዬ ይህ ሆኖ ሳለ የራሴን ቤት ሳድስ ጀሶውን ከታች፣ ምንጣፉን ከላይ አድርጌ ጫንኩ። ማን ያየዋል ብዬ ነው። ገንዳውን ሊወስድ የመጣው ሹፌር ምንጣፉን በእግሩ ገለጥ አደረገና ምንም ሳይናገር መኪናውን አስነስቶ ሄደ። በዚያው ሌሊት ዝናብ ጣለ። ሁለት ቅዳሜና እሁድ ሙሉ ሊጥ የሆነ ጀሶ ከረጠበ ምንጣፍ ላይ ስፍቅ ከረምኩ።

ስለዚህ ቦርዱን ከውሃ ጠብቁት። ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ በእንጨት ላይ ደርድሩት፣ በላስቲክ ሸፍኑት። ደረቁ ቦርድ ወረቀቱ ተለይቶ፣ ጀሶው ተፈጭቶ ተመልሶ አዲስ ቦርድ ይሆናል፤ የረጠበውንና የተቀላቀለውን ግን ፋብሪካው አልቀበልም ይላል። ሴራሚክ የተጣበቀበትንና ከጀርባው ፎም የተለጠፈበትን ለብቻ አስቀምጡ። ጥቂት ምስማርና ብሎን ቢቀርበት አያስጨንቅም። ወገባችሁንና መኪናችሁንም አስቡ፤ 1.2 በ2.4 ሜትር የሆነ ተራ ቦርድ 24 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ አሥሩ ሲደመር ሩብ ቶን ሊሞላ ምንም አይቀረው። የተረፈ የጀሶ ብጥብጥ ካለም በመታጠቢያው እንዳታፈሱት። ጀሶ ውሃ ውስጥም ሆኖ ይጠነክራል፤ ቱቦው ውስጥ ድንጋይ ይሆንባችኋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ልጠይቅሽ የሚገባኝን ግን ረስቻለሁ። ቤቱ የተሠራው መቼ ነው?

ከጠያቂዋ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ውሉ ላይ እ.ኤ.አ. 1968 ይላል። ግድግዳው ልሙጥ ነበር፤ ኮርኒሱ ግን እንደ ማዕበል የተጠማዘዘ ወፍራም ልስን ነበረው። ለምን ጠየቁኝ?

መልስ፦ ከዚያው ሰው

እንግዲያው ሥራውን ዛሬውኑ አቁሙ። በዚያ ዘመን እንዲህ ላለው ልስንና ለቦርድ መገጣጠሚያ መሙያው አስቤስቶስ ይጨመርበት ነበር፤ ብናኙ ሲተነፈስ ሳንባን የሚጎዳ ቃጫ መሰል ማዕድን ነው። አሜሪካ ከመሙያው ውስጥ እንዲወጣ ያደረገችው በ1977 ነው። እንግሊዝ ሙሉ በሙሉ ያገደችው በ1999፣ አውስትራሊያ በ2003 ማብቂያ፣ የአውሮፓ ኅብረት ለአባላቱ ሁሉ በ2005፣ ካናዳ በ2018 ነው። እነዚህ ዓመታት እገዳው የወጣባቸው እንጂ ከየቤቱ ግድግዳ የተወገደባቸው አይደሉም። በአንቺ ቤት ይኑር አይኑር በዓይን አይለይም፤ የሚለየው ላቦራቶሪ ነው።

በሩን ዝጉ። አትጥረጉ። በቤት የአቧራ መምጠጫ ደግሞ ጭራሽ አትሞክሩ፤ የቃጫውን ብናኝ ማጣሪያው አይዘውምና በጀርባው ቤቱን ሁሉ ያዳርሰዋል። ጓሮ ያለውን በላስቲክ ሸፍኑና ናሙናውን ባለሙያ ይውሰድ። አላስደንግጥሽ፤ አንድ ቀን ኮርኒስ ያፈረሰ ሁሉ አይታመምም፤ አደጋው ከሚተነፈሰው መጠን ጋር ነው የሚጨምረው። ከተገኘ ግን ጀሶ መሆኑ ቀርቶ አደገኛ ቆሻሻ ይሆናል፤ አወጋገዱም ሌላ ነው።

ይህን ስጽፍ አዲስ የመጡትን ወጣቶች እያሰብኩ ነው። ብዙዎቻችሁ የምትጀምሩት በዚህ ሥራ ነው። «አቧራ ነው፤ ቶሎ ጨርሱ» የሚል አሠሪ ነበረኝ። ጨረስኩለት፤ እምቢ የምልበትን ቃል አላውቅም ነበር። የአስቤስቶስ በሽታ ከ20 እስከ 50 ዓመት አድፍጦ ሊቆይ ስለሚችል ዛሬም ሐኪም ሳንባዬን ሲያዳምጥ ትንፋሼን እቆጥራለሁ። አሮጌ ቤት ውስጥ መዶሻ ከማንሳታችሁ በፊት «ምርመራ ተደርጓል? ወረቀቱ የታለ?» በሉ። እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ከሰላምታ ቀጥሎ ተማሯቸው። ያቺ ስስ የወረቀት ጭምብልም ከአስቤስቶስ አታድንም።

መልስ፦ ከአናጢ

ጋሼ የጀሶውን ነገር ጨርሰውታል፤ እኔ ስለ ቀረው ልጨምር። የወለሉን እንጨት ለማገዶ እንዳታስቡት። ቀለም የተቀባ ከሆነ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ አሜሪካ የእርሳስ ቀለም ለቤት መጠቀምን ያገደችው በ1978 ነው። ከውጭ በረንዳ የወጣ፣ ምስጥ እንዳይበላው በመድኃኒት የተነከረ እንጨት ደግሞ አርሴኒክ ሊኖርበት ይችላል፤ ጭሱም አመዱም መርዝ ነው።

በውሃ የሚበጠበጠው ቀለም ጥቂት ከሆነ ሰጋቱራ ጨምራችሁ ክዳኑን ከፍታችሁ አድርቁት፤ ደረቁን ብዙ ቦታ ይቀበላሉ። የዘይት ቀለምና ቲነር ግን ወደ አደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ነው የሚሄዱት። እኔን አንድ ቀን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ጨብጬ ጥግ ጥዬ ሄድኩ፤ ስመለስ ይጨሳል። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ ጨርቁ ከተጨበጠ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ያለ ክብሪት ይነዳል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውሃ ባለበት ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱት።

ፒክአፕ ይዞ በር እያንኳኳ «ሁሉንም ባነሳላችሁስ?» የሚል ሰው ይመጣል። ፈቃዱን ጠይቁት፣ ቁጥሩንም ራሳችሁ አጣሩ፤ በእንግሊዝ ለምሳሌ የተመዘገቡ አጓጓዦችን ዝርዝር ማንም ሰው ማየት ይችላል። ሰውየው ጫካ ዳር ደፍቶት ከቆሻሻው መሐል በስማችሁ የተላከ ፖስታ ቢገኝ የሚጠሩት እናንተን ነው። ደረሰኝ ተቀበሉ፤ የመኪናውን ታርጋም ፎቶ አንሱ።

ከጠያቂዋ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ

ውጤቱን ልንገራችሁ። ግድግዳው ነጻ ነው። የኮርኒሱ ልስን ግን አስቤስቶስ አለበት። ኮርኒሱን ያፈረስነው በሌላ ቀን ስለነበር ለብቻው ነው የተከመረው፤ ብልሃት ሳይሆን ዕድል ነው። ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ነጭ ልብስ ለብሰው መጥተው ፍርስራሹን አርጥበው በድርብ ላስቲክ አሽገው ወሰዱት፤ ክፍሉንም አጽድተው፣ አየሩን አስለክተው ወረቀት ሰጡን። ልጆቹን እዚያ ክፍል ያስገባናቸው ከዚያ በኋላ ነው።

የግድግዳውን ቦርድ ሳይረጥብ ለብቻው በአራት ምልልስ አደረስነው። መቀበያው ላይ ያለው ሠራተኛ አንዱን ሰብሮ ውስጡን አየና ወደ ገንዳው በእጁ አመለከተን። ጎረቤታችንን ደግሞ ያን ቀን ያለውን ቀስ ብሎ እንዲደግምልን ጠየቅነው። ጋሼ ካሉኝ ውስጥ የነገረን ግማሹን ነበር፤ ሌላውን ግማሽ እኛ ነገርነው።