የባዮጋዝ እሳት ደከመ፤ ከየት ይጀመር?

ጥያቄ፦ 6 ሜትር ኩብ የባዮጋዝ ማብላያ (እበት ተብላልቶ የማብሰያ ጋዝ የሚሰጥበት ዝግ ጉድጓድ)፣ አራት ከብት አለን። ነበልባሉ ይርገበገባል፣ ቡናው ሳይፈላ ይጠፋል። ግንበኛ ከመጥራታችን በፊት ምን እንፈትሽ?

መልስ 1፦ የሚርገበገብ ከሆነ ቧንቧው ውስጥ ውሃ ቋጥሯል። መስመሩ ዝቅ ያለበት ቦታ ላይ ያለውን የውሃ ማስወገጃ ከፍታችሁ አፍስሱና መልሳችሁ ዝጉ። ከዚያ በየመገጣጠሚያው የሳሙና አረፋ ቀቡ፤ አረፋው ከተነፋ ጋዝ የሚሾልከው እዚያ ነው። በክብሪት መፈተሽ ግን በፍጹም!

መልስ 2፦ ቶሎ የሚጠፋው ግን ከምገባው ይመስለኛል። ለ6 ሜትር ኩብ በቀን 36 ኪሎ ገደማ ትኩስ እበት ይፈልጋል፣ ከእኩል ውሃ ጋር። ከብቶቹ ግጦሽ ከዋሉ እበቱ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው፤ የሌሊቱ ብቻ አይበቃም። ውሃ ሲበዛ እበቱ ሳይብላላ ቶሎ ይወጣል፤ ሲያንስ ከላይ ቅርፊት ይሠራል። ከእበቱ ገለባውን ልቀሙ። ሽንት ቤት ከማብላያው ጋር ከተገናኘ በረኪና አይግባ፣ ጋዝ የሚሠሩትን ባክቴሪያዎች ይገድላል።

መልስ 3፦ ሁሉም ቢስተካከል እንኳ በተራው ምድጃ እንጀራ ለመጋገር አትድከሙ፤ እሳቱ መሀል ላይ ስለሚያተኩር የምጣዱ ዳር አይበስልም። ለወጥና ለቡና ይሁን። ከማብላያው የሚወጣውን ተረፈ ምርት ደግሞ ለማዳበሪያ እንዲሆን ጥላ ባለው ጉድጓድ ከገለባ ጋር አብላሉት፤ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ናይትሮጂኑ እየተነነ ይባክናል።