ዲ7ጂ ዶዘር ሲግል ማርሽ አይዝም፣ ወደ ግራም አይዞርም

ሰላም ባለሙያዎች። የምታውቁ እባካችሁ ተባበሩኝ፣ ግራ ገብቶኛል።

ማሽኑ አሮጌ ካተርፒላር ዲ7ጂ ነው፤ ድንጋይ ካባ ላይ ይሠራል። ጠዋት በብርዱ ምንም አይለውም። የትራንስሚሽኑ (የማርሽ ሳጥኑ) ዘይት ሲግል ግን ማርሽ ሳስገባ ቆሞ ያስባል፤ ከዚያ ድንገት ዘሎ ይይዛል። ወደፊትም ወደኋላም ያው ነው። ቀላል አፈር ሲገፋ እንኳ ሞተሩ እየጮኸ ካቴናው (የብረት ሰንሰለት እግሩ) ይቆማል።

ወደ መሪው ስመጣ፣ የቀኙን ሌቨር ስስብ ጥሩ ይታጠፋል። የግራውን ስስብ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ፍሬን ስጨምርበት ሞተሩን ያፍነዋል እንጂ አይዞርም። የግራው ፍሪሲዮን (የግራውን ካቴና ከሞተሩ ኃይል የሚያላቅቀው) አይለቅም ባይ ነኝ።

ዘይቱ ልኩ ላይ ነው፣ አረፋም የለውም። ፊልትሮውን ቀድጄ ሳየው ውስጡ ነሐስ የሚመስል ብናኝ አለ፤ ማግኔት አይስበውም። የፍሪሲዮን ዲስክ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ መካኒክ «ትራንስሚሽኑ ይውረድ» ብሎኛል። የዘይቱ ግፊት በጌጅ ሳይለካ መፍታቱ ግን አልተዋጠልኝም፤ አንዴ ከወረደ የስፔሩን ነገር ታውቁታላችሁ። ሁለቱም ችግር ከአንድ ደካማ የዘይት ፓምፕ ሊመጣ ይችላል? ወይስ የማይዞረው ወደ ግራ ብቻ ስለሆነ የግራው ፍሪሲዮን ፒስተን ጎሚኒ (ዘይት የሚይዘው ላስቲክ) ነው? ጌጁን የት የት ልሰር? በጋለ ዘይትስ ስንት ማሳየት አለበት?