የአጥንት ካንሰር መመለሱን በደም ምርመራ ብቻ ማወቅ ይቻላል?

ጠያቂ፦ የ12 ዓመት ልጄ ከጉልበቱ በላይ ኦስቲዮሳርኮማ የተባለ የአጥንት ካንሰር ተገኝቶበት፣ ኬሞቴራፒና ቀዶ ሕክምናውን ከጨረሰ ስምንት ወር ሆኖታል። ባለፈው ሳምንት በደሙ ውስጥ አልካላይን ፎስፋቴዝ የተባለው ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሙ አያሳስብም ቢሉንም፣ ቁጥሩ በቀይ ተጽፎ ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። በሽታው ተመልሶ ይሆን?

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ከቁጥሩ አጠገብ የተጻፈው መደበኛ መጠን የልጅ ነው ወይስ የአዋቂ የሚለውን ይመልከቱ። ይህ ኢንዛይም አጥንት ከሚሠሩ ሕዋሳትና ከጉበት ስለሚመነጭ፣ በማደግ ላይ ያለ ጤነኛ ልጅ ከአዋቂ ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊኖረው ይችላል፤ በቀዶ ሕክምና የተነካ አጥንት ሲጠግንም ይጨምራል። በሽታው ሲታወቅ ከፍ ብሎ መገኘቱ በሽታው ምን ያህል የበረታ እንደሆነ ፍንጭ ቢሰጥም፣ ከሕክምና በኋላ ግን ብቻውን አያስፈርድም። ይልቁንስ ከልጁ ከራሱ የቀድሞ ውጤቶች ጋር ይነጻጸር።

አንዲት እናት፦ እኔም ዓመቱን ሙሉ የልጄ ደም ሲቀዳ ካንሰሩን የሚለኩ ይመስለኝ ነበር። ለካ አብዛኛው ምርመራ ስለ መድኃኒቱ ነበር፦ ነጭ የደም ሕዋሳቱ ቀጣዩን ኬሞ ይችሉ እንደሆነ፣ ሲስፕላቲን የተባለው የኬሞ መድኃኒት ኩላሊቱን ጎድቶት እንደሆነ፣ ሌላው የኬሞ መድኃኒት ሜቶትሬክሴት ከደሙ እስኪወጣ ጉዳቱን የሚከላከለውን ሉኮቮሪን መቀጠል ይኖርበት እንደሆነ። ይህን ቀደም ብሎ የነገረኝ ቢኖር ከብዙ ጭንቀት እድን ነበር።

በዘርፉ የምሠራ፦ ዕጢው ወደ ደም የሚለቀውን ዲኤንኤ የመፈለግ ጥናት አለ። ዩዊንግ ሳርኮማ በተባለው ሌላ የአጥንት ካንሰር አብዛኞቹ ሕመምተኞች ላይ ሁለት ጂኖች ተቆርጠው ስለሚጋጠሙ የሚፈለገው ምልክት ግልጽ ነው፤ ኦስቲዮሳርኮማ ግን ለሁሉም የሚሆን አንድ ምልክት ስለሌለው፣ ዲኤንኤውን የያዙት ክሮሞሶሞች መጨመርና መጉደል ይፈለጋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ገና ሕክምና ካልጀመሩት መካከል እንኳ ዲኤንኤው የተገኘው ከግማሽ ጥቂት በሚበልጡት ደም ውስጥ ብቻ ነበር። ዕጢው ሰውነት ውስጥ እያለ እንዲህ ከሆነ፣ በሳንባ ላይ ያለች ትንሽ እብጠት ከዚህ የደም ምርመራ በቀላሉ ታመልጣለች። ኦስቲዮሳርኮማ ሲመለስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ሳንባ ላይ ስለሆነ፣ የደረት ሲቲ ስካን ቀጠሮ በፍጹም አይዝለል።

ጠያቂ፦ ወረቀቱን ደግሜ አየሁት፤ የተጻፈው መጠን የአዋቂ ነው። የቀድሞዎቹን ውጤቶች ይዤ ሰኞ ሐኪሙ ዘንድ እሄዳለሁ፤ የስካኑ ቀጠሮም በሚቀጥለው ወር ነው።