ሥራው ተረክቦ ክፍያው ሲዘገይ፦ ለብቻው የሚሠራ ባለሙያ ዕዳውን እንዴት ይጠይቅ?

ጠያቂ፦ የፒያሳዋ ግራፊክስ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

በጎንደር ፒያሳ አካባቢ ለብቻዬ የግራፊክስ ዲዛይን ሥራ ስሠራ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አለኝ፤ ሠራተኛ ግን የለኝም። ንድፉን የማወጣውም፣ ማተሚያ ቤት የምመላለሰውም፣ ገንዘብ የምጠይቀውም እኔው ነኝ፤ ከሦስቱ የመጨረሻው በጣም ከብዶኛል።

ባለፈው ዓመት ጥምቀት ከመድረሱ በፊት ለአንድ ሆቴል የምግብ ዝርዝር፣ የክፍል ቁጥሮችና የመግቢያ ሰሌዳ ሠርቼ አስረከብሁ። የተስማማነው በ92,000 ብር ሲሆን 28,000 ብር በቀብድ ተቀብያለሁ፤ ቀሪው 64,000 ብር እስከ ዛሬ አልተከፈለኝም። ውላችን የቃል ነበር፤ በእጄ ያለው በቴሌግራም የተጻጻፍነውና ቀብዱ የገባበት የባንክ ማስረጃ ብቻ ነው።

ይበልጥ ያስቸገረኝ የሆቴሉ ባለቤት የአባቴ ወዳጅ መሆናቸው ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ ብዬ የምጠራቸው ሰው ናቸው፤ በሄድሁ ቁጥር ቡና አስፈልተው፣ «ልጄ፣ እንግዳ እኮ ጠፋ፤ ትንሽ ታገሺኝ» ብለው ይሸኙኛል። እንግዳ መጥፋቱም እውነት ነው፤ የአካባቢያችን ጸጥታ ከደፈረሰ ወዲህ የከተማችን ሆቴሎች እንዴት እንደከረሙ ሁላችንም አይተናል። ይሁን እንጂ እኔም የቤት ኪራይ አለብኝ፤ ማተሚያ ቤቱም ገንዘቡን ከእኔ ይጠብቃል። ዝምድናውን ሳላበላሽ ይህን ገንዘብ እንዴት ልጠይቅ? ነገሩ ቢከፋስ የጽሑፍ ውል ሳይኖረኝ ክስ ማቅረብ እችላለሁን?

መልስ፦ ጠበቃ ከማራኪ

እህቴ፣ ውሉ የቃል በመሆኑ አይስጉ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1719 መሠረት፣ ሕግ የተለየ ፎርም ካላዘዘ በስተቀር ውል ተዋዋዮቹ በመስማማታቸው ብቻ ይጸናል። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የሚደረግ ውል ግን በጽሑፍ መሆን እንዳለበት ቁጥር 1724 ስለሚደነግግ፣ ወደፊት ለመንግሥት ተቋም ሲሠሩ በቃል ብቻ ሥራ እንዳይጀምሩ አደራ እላለሁ።

አሁን የእርስዎ ችግር ውሉ መኖሩን ማስረዳት ሳይሆን የቀረውን ዕዳ መጠን አከራካሪ እንዳይሆን ማድረግ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ጋሼ ሲሄዱ ገንዘብ አይጠይቋቸው፤ ፊርማ ይጠይቋቸው። በአንድ ገጽ ላይ የሥራውን ዓይነት፣ ያስረከቡበትን ቀን፣ ጠቅላላ ዋጋውን፣ የተከፈለውንና ቀሪውን 64,000 ብር ጽፈው፣ ከሥሩ ዕዳው እንዳለባቸው የሚያምኑበትና የሚከፍሉባቸውን ቀናት የሚያሳይ አንቀጽ ያክሉበት። እጁ ያጠረ ሰው ገንዘብ ሲጠየቅ ይሸሻል፤ የሚያምነውን ዕዳ እንዲፈርም ሲጠየቅ ግን እምቢ የሚልበት ምክንያት አይኖረውም። እምቢ ካለም የችግሩ ምንጭ የእንግዳ መጥፋት አለመሆኑን ያን ቀን ያውቁታል።

ይህ ወረቀት በሕግ ዓይን ከፍ ያለ ዋጋ አለው። ከውል የሚመነጭ መብት በመደበኛው በ10 ዓመት ይርጋ (ክስ ማቅረብ በሚቻልበት የጊዜ ገደብ) ይታገዳል፤ ባለዕዳው ዕዳውን ሲያምን፣ ለምሳሌም ከዕዳው ላይ በከፊል ሲከፍል፣ ይርጋው ተቋርጦ እንደገና ከመጀመሪያው ይቆጠራል። ከዚህም በላይ መጠኑ የታወቀ የገንዘብ ዕዳ ሲሆን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 284 መሠረት በአጭር ሥነ ሥርዓት እንዲታይ ክስ ማቅረብ ይቻላል። በዚህ መንገድ ከሳሽ አቤቱታውን በመሐላ ቃል አስደግፎ ያቀርባል፤ ተከሳሽም ለመከላከል አስቀድሞ የፍርድ ቤቱን ፈቃድ ማግኘት ስለሚኖርበት፣ ያለ በቂ ምክንያት ጉዳዩን ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ ሊያንከባልለው አይችልም።

የመክፈያው ቀን አልፎ ካልተከፈለዎት በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡ። በማስጠንቀቂያ ተጠይቆ የዘገየ ገንዘብ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ በዓመት 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ ይታሰብበታል፤ በእርስዎ ዕዳ ላይ ይህ በዓመት 5,760 ብር ነው። ወለዱ ከማስጠንቀቂያው ቀን ጀምሮ የሚቆጠር ስለሆነ፣ ቡና ጠጥተው የተመለሱባቸው ወራት ሁሉ በሕግ ፊት ምንም አልቆጠሩልዎትም።

አንድ ነገር ልጨምር። የተቀበሉትን 28,000 ብር «ቀብድ» ብለውታል። በሕጋችን ቀብድ የውሉ መኖር ማስረጃ ቢሆንም፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ሰጪው ቀብዱን ለቆ ከውሉ እንዲወጣ፣ ተቀባዩም እጥፉን መልሶ እንዲወጣ መንገድ ይከፍታል። በዚህኛው ሥራ አስረክበው ስለጨረሱ የሚያሰጋዎት ነገር የለም፤ በሚቀጥሉት ውሎችዎ ግን «ቅድሚያ ክፍያ» ብለው ይጻፉት።

መልስ፦ የሠርግ ቪዲዮ ባለሙያ

የጠበቃው ምክር ትክክል መሆኑን ከደረሰብኝ ተነሥቼ እመሰክራለሁ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ በኢሜይል ልኬያቸው የነበሩ የክፍያ መጠየቂያዎች ለደንበኞቼ ይድረሱ አይድረሱ ማረጋገጥ አልቻልሁም። ከደንበኞቼ አንዱ «አልደረሰኝም» ብሎ ለወራት አቆየኝ፤ ውሸቱን ነው ለማለትም ማስረጃ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን መጠየቂያ በሁለት ቅጂ አትሜ ራሴ እወስዳለሁ፤ አንዱን ሰጥቼ በሌላው ላይ የተቀበለው ሰው ስሙን፣ ቀኑንና ፊርማውን እንዲያኖር አደርጋለሁ።

በእኔ ሥራ ገንዘቡ የሚገኝበት ጊዜ ይታወቃል። ሠርግ የሚበዛው በጥርና ከፋሲካ በኋላ ነው፤ በሁዳዴ 55 ቀናት ሠርግ የለም፤ ቤተሰቡም ሠርጉ ካለፈ በኋላ ለድንኳኑም ለድግሱም ከፍሎ ኪሱ ይራቆታል። በዚህ ምክንያት ሒሳቤን በሦስት ከፍዬዋለሁ፦ አንዱን ቀን ሲያዝ፣ አንዱን ከሠርጉ በፊት ባለው ሳምንት፣ የመጨረሻውን አልበሙና ቪዲዮው ሲወሰድ። እርስዎም ለሆቴል ሲሠሩ የመክፈያውን ቀን ከገናና ከጥምቀት እንግዶች ጋር ቢያያይዙት፣ ባለዕዳው ገንዘብ በእጁ በሚገኝበት ሳምንት ያገኙታል።

ስለ ይሉኝታው ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልፈልግም። እኔም ለአንድ ዘመዴ የሠራሁትን ሳልጠይቅ ቀርቼ፣ በመጨረሻ የራቅሁት እኔው ነበርሁ፤ ባየሁት ቁጥር ገንዘቡ ትዝ እያለኝ ቤቱ መሄድ ተውሁ። እርሱ ምናልባት ረስቶት ይሆናል። አባትዎ በሕይወት ካሉ ይዘዋቸው ይሂዱ፤ ወረቀቱ በእርሳቸው ፊት ቢፈረም ሽምግልናም ምስክርነትም ይሆናል።

መልስ፦ የሒሳብ ባለሙያ ከአዘዞ

ከደረሰኝ በኩል ጥቂት ላክል። ብዙ ድርጅቶች «መጀመሪያ ደረሰኝ ቁረጪልን፣ ከዚያ እንከፍላለን» ይላሉ። በእጅ በእጅ ሽያጭ ደረሰኝ ከቆረጡ ገንዘቡን ተቀብያለሁ ብለው እንደመፈረም ነው፤ ስለዚህ ክፍያው እስኪገባ ድረስ በዱቤ ሽያጭ ደረሰኝ ይስጡ፤ ፕሮፎርማም ዋጋ ማቅረቢያ እንጂ የዕዳ ማስረጃ አለመሆኑን አይዘንጉ። ቅድመ ግብር ቀንሰው የሚከፍሉዎት ከሆነ የተቀነሰበትን ደረሰኝ ሳይቀበሉ አይውጡ፤ ያ ወረቀት ከጠፋ የተቀነሰውን ገንዘብ ከዓመታዊ ግብርዎ ላይ ማቀናነስ ያስቸግርዎታል። ከመንግሥት ተቋም የሚጠብቁት ክፍያ ካለም የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ መጠየቂያዎ በግንቦት ውስጥ ገብቶ ቢያልቅ ይሻላል።

ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ከአባቴ ጋር ሄድን። ጋሼ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብበው፣ «ይህን ያህል መቅረቱን እኔም አላሰብሁትም» አሉና ፈረሙ፤ አባቴም በምስክርነት ፈረመ። ቀሪውን በአራት ጊዜ፣ በየወሩ 16,000 ብር ሊከፍሉኝ ተስማምተናል፤ የመጀመሪያውንም ዛሬ ጠዋት በባንክ አስገቡልኝ። የሆቴሉ ማኅተም ግን ሌላ ሰው ዘንድ ስለነበር ወረቀቱ ላይ አላረፈም። ይህ ጉዳት አለውን?

መልስ፦ ጠበቃ ከማራኪ

እንኳን ደስ አለዎት። ሆቴሉ በስማቸው የተመዘገበ የግል ንግድ ከሆነ ፊርማቸው ይበቃል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ ግን ባለዕዳው ማኅበሩ ስለሆነ ሥራ አስኪያጁ በማኅበሩ ስም መፈረም አለባቸው፤ ማኅተሙም ቢያርፍበት ክርክር ይቀንሳል፤ ሁለተኛውን ክፍያ ሲቀበሉ ያስሟሉት። የዛሬውን የባንክ ማስረጃም ከወረቀቱ ጋር አያይዘው ያስቀምጡ።